«የለም» አለ

ዳልካሁዌ ዘንቧል፤ ነገም ይዘንባል፣
የወደብ ቢሮው ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ያስተጋባል።
እኔ ከምድጃው ጥግ ላፕቶፔን ከፍቼ፣
የዶን ኤሌውቴሪዮን መዝገብ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣
እርጥበት የበላውን ቀለም እየቆጠርኩ
ሰኞን በፓይተን ጀመርኩ።

ውሉ አንድ ገጽ ነው፤ ሥራውም ቀላል፦
አንድ በር ይከፈታል፤
ማንም ከሩቅ ሆኖ ቁጥር ይዞ ቢያንኳኳ፣
መቼ እንደ ወጣች፣ መቼ እንደ ገባች ያቺ የጠየቃት ታንኳ
በሩ ይነግረዋል። ሌላ አይጠበቅም፤
ክፍያው ብዙ አይደለም፣ እኔም አልጨቃጨቅም።

ሰንጠረዡ ግን ጠበበኝ፦ የመውጫ ቀን አለው፣ የመመለሻ የለም፤
በዚያ በኩል ገና ዓምድ አልተተከለም።
ፍልሰት ጻፍኩለት። እዚህ ደሴት ላይ ፍልሰትን ያውቃሉ፤
ቤቱን ከነጣሪያው ከበሬ ጠምደው በግንድ ላይ ያንከባልላሉ፣
ጎረቤት ይገፋል፤ መጋረጃው አይወርድም፣ ድመቷም አትነቃም።
የእኔም እንደዚያ ነው፤ ቤቱ ይሄዳል እንጂ ነዋሪው አይነካም።

ፍልሰት ሁለት እግር አለው፤ አንዱ ወደፊት ያራምዳል፣
አንዱ፣ ያልሆነ ቀን ሲመጣ፣ ወደ ነበረበት ይወስዳል።
የፊተኛውን ጻፍኩ፣ ደጋግሜ አየሁት፤
የኋለኛውን «ፓስ» ብዬ አለፍኩት።

ቀኖቹን ከመዝገቡ ሞላሁ። «ባዶ አይፈቀድም» ብዬ ዓምዱን አጥብቄ፣
ትእዛዙን ሰጠሁት፤ ማቴዬን እየጠጣሁ፣ ውጤቱን ጠብቄ።
ቀይ መስመር ወረደ። ከአራት ሺህ ሁለት መቶ ረድፍ አንዱ
አሻፈረኝ አለ፤ ተዘጋ መንገዱ።
ፈልጌ አገኘሁት፦ ቁጥር ሰባ ሦስት። ጋቪዮታ። ሦስት ሰው።
ሐምሌ አሥራ አንድ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያለው
ነጭ ወረቀት ነው።

ምን ልሙላበት? የዛሬ ቀን ውሸት፣ ዜሮም ውሸት፤
መሽቶ ነበር፣ ዓርብ ነበር። ሰረዝኩት።
ከአራት ሺህ አንድ፣ ማን ያየዋል ብዬ።
ፍልሰቱ አለፈ፤ ተኛሁ ተደላድዬ።

ሰኞ ዶን ኤሌውቴሪዮ ባርኔጣውን አራግፎ፣
በአንድ ጣት ሰባ ሦስትን ጻፈ፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ።
በሩ መለሰለት፦ አራት መቶ አራት፤ አልተገኘም።
ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። «ይህንንማ አላጣነውም፤
ሠላሳ ዓመት ፈልገናታል፤ አልተገኘችም፣ ልክ ብለሃል።
ያንተ ማሽን ግን ከነጭራሹ አልነበረችም ይላል።»

ወር በገባ ቁጥር ዶኛ ኦቲሊያ የምትባል ሴት ትመጣለች፤
«ሰባ ሦስትን አሳየኝ» ትላለች።
ይገልጥላታል። አታነብም፤ ፊደል አልቆጠረችም፤
ጣቷን ከነጩ ቦታ ላይ ታሳርፋለች፣ አታለቅስም፣
«ገና ነው» ብላ መሀረቧን አስራ ትሄዳለች።

ልመለስ አልኩ። የመመለሻውን ትእዛዝ ጠራሁት፤
ምንም አላለም። ምን ይበል? እኔ ነኝ «ፓስ» ብዬ የተውኩት።
ቅጂም አላስቀረሁ፤ ከመዝገቡ አይቼ በእጄ ጻፍኳት፦
ስሟን፣ ሦስቱን ሰዎች፣ ሐምሌ አሥራ አንድን። እዚያ ላይ አቆምኩላት።
«ባዶ አይፈቀድም» የሚለውን አንስቼ፣ «ይፈቀዳል» አልኩ፤
የፊቱን እግር ከነኋላው እግሩ፣ ሊነጋ ሲል ጨረስኩ።

ወር ገባ። መጣች። ቁጥሯን ነገረችን፤ አንኳኳሁላት፣
ስክሪኑን አዞርኩላት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፦
ሁለት መቶ፤ ተገኝታለች።
ጋቪዮታ፤ ሐምሌ አሥራ አንድ ወጥታለች።
ተመለሰች?
ጠቋሚው ብልጭ፣ ድርግም እያለ፣
ማሽኑ «የለም» አለ።

እርጥብ ጣቷን ከቃሉ ላይ አሳረፈች፤
«ገና ነው» አለች።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ግን መዝገቡን አልጣለም፤
«መብራት ይጠፋል» አለኝ። እሱም አልተሳሳተም።